ከ60 ካርድ የኤልፍ ዴክ ወደ ኮማንደር፦ ላንድ ስንት ይሁን? ቀሪውስ እንዴት ይከፋፈል?

አረንጓዴ_ጥቁር

ሰላም ለሁላችሁ። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ በተባለው የካርድ ጨዋታ የ60 ካርድ የኤልፍ ዴክ (የምጫወትበት የካርድ ስብስብ) አለኝ። ውስጡ የታወቀው ነው፦ ላኖዋር ኤልቭስ 4፣ ፕሪስት ኦፍ ታይታኒያ 4፣ ኤልቪሽ አርችድሩይድ 4፣ ኢምፒሪየስ ፐርፌክት 4፣ ፎረስት 20፣ የቀረው ቅልቅል ነው። አሁን አራት ሆነን ስለምንጫወት ወደ ኮማንደር (አንድ መሪና 99 ሌላ ካርድ ያለበት ፎርማት፣ ማለትም የጨዋታ ዓይነት) እየቀየርኩት ነው። መሪዬ ላትሪል፣ ብሌድ ኦፍ ዘ ኤልቭስ ናት። 30 ላንድ፣ ማለትም ለካርድ የሚከፈለውን ማና የሚሰጥ ካርድ አስገባሁ (አረንጓዴ ማና የሚሰጥ ፎረስት 15፣ ጥቁር የሚሰጥ ስዋምፕ 15)፣ ቀሪውን 69 ካርድ ባለኝ ኤልፍ ሁሉ ሞላሁት።

ሦስት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛ፣ ወይ ላንድ አጥቼ ቁጭ እላለሁ፣ ወይ በ5ኛው ተራ እጄ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ጠረጴዛውን ከጠረገው (ክሪቸር የሚባሉትን ተዋጊ ካርዶች ሁሉ በአንድ ካርድ ካጠፋ) በኋላ መነሳት የለም፤ እስከ ጨዋታው ማብቂያ ተመልካች ነኝ። ሦስተኛ፣ ከአራታችን የአንዱ ዴክ እጅግ ከባድ ነው፣ የሌላው ደግሞ ከሳጥን እንደወጣ ያልተነካ ዝግጁ ዴክ ነው።

ላንድ ስንት ይበቃል? ቀሪው እንዴት ይከፋፈል? ወይስ ለእኛ ዓይነት ቡድን ሌላ ፎርማት ይሻላል?

---

ቆጥሮ_በዋዥ

የ60 ካርዱን ዴክ ለጥጠህ 100 ያደረግከው ይመስላል፤ አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከዚያ ነው። በ60 ካርድ ውስጥ 4 ቅጂ ያለው ካርድ፣ 11 ካርድ እስክታይ ድረስ (የመጀመሪያው እጅ 7፣ ከዚያ የ4 ተራ ካርድ) ቢያንስ አንዱ የመምጣት ዕድሉ 57 ከመቶ ገደማ ነው። ኮማንደር ላይ ግን ከመደበኛ ላንድ በቀር የሁሉም ካርድ ቅጂ አንድ ብቻ ነው። ያ አንድ ካርድ ከ99ኙ መካከል በ11 ካርድ ውስጥ የመምጣት ዕድሉ 11 ከመቶ ነው። 57ቱን መልሰህ ለማግኘት አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ 7 ካርዶች ያስፈልጉሃል። ስለዚህ «ላኖዋር ኤልቭስ አለኝ» አይበቃም፤ «በ1 ማና ወርዶ ማና የሚሰጥ ስንት አለኝ?» ብለህ ቁጠር።

ደግነቱ ኤልፍ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። ላኖዋር ኤልቭስ፣ ኤልቪሽ ሚስቲክና ፊንድሆርን ኤልቭስ ከስማቸው በቀር አንድ ካርድ ናቸው። አርቦር ኤልፍ፣ ቢርችሎር ሬንጀርስ፣ ጃስፔራ ሴንቲነልና ኤልቭስ ኦፍ ዲፕ ሻዶው ሲጨመሩ 7 ሞሉልህ። የመጨረሻዋ ጥቁር ማና ስለምትሰጥ ከሁሉም ቀድማ ትግባ።

ላንዱን 36 አድርገው። ከ99 ካርድ 30ው ላንድ ከሆነ፣ የመጀመሪያው 7 ካርድ ውስጥ ላንድ ጭራሽ የሌለበት ወይም አንድ ብቻ ያለበት እጅ 31 ከመቶ ይደርሳል። በ36 ወደ 20 ከመቶ ይወርዳል። ሌላም ምቾት አለው፦ በ36 ላንድ 11 ካርድ ስታይ በአማካይ ልክ 4 ላንድ ታያለህ፤ ላትሪል የምትፈልገውም 4 ማና ነው። በ30 ላንድ አማካዩ 3.3 ነው። «ላንድ አጥቼ ቁጭ እላለሁ» ያልከው ዕድለ ቢስ ሆነህ ሳይሆን ሒሳቡ ራሱ እንደዚያ ስለሚል ነው።

ከላንዱ ቁጥር እኩል የጎዳህ ደግሞ 15 በ15 መክፈልህ ነው። ዴክህ አረንጓዴ ሆኖ ጥቁር ጣል ጣል ያለበት ነው። በ1ኛው ተራ ኤልፍ ለማውረድ አረንጓዴ ማና የግድ ነው። 36 ላንድ ይዘህ እንኳ አረንጓዴ የሚሰጠው 18 ብቻ ቢሆን፣ በመጀመሪያዎቹ 8 ካርዶች አንዱን የማየት ዕድልህ 81 ከመቶ ነው፤ 25 ከሆነ 91 ከመቶ ይሆናል። እኔ እንዲህ ነው የምከፍለው፦ ሁለቱንም ቀለም የሚሰጥ ላንድ 8 (ኮማንድ ታወር፣ ላኖዋር ዌይስትስ፣ ውድላንድ ሴሜታሪና የመሳሰሉት)፣ ፎረስት 17፣ ስዋምፕ 8፣ ልዩ ሥራ ያለው ላንድ 3። አረንጓዴ 25፣ ጥቁር 16 ይሆናል። በ16 ጥቁር ምንጭ እስከ 4ኛው ተራ አንዱን የማየት ዕድልህ 87 ከመቶ ነው፤ ማና ሰጪዎቹ ኤልፎች ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ታፕ ሆኖ (በጎን ተጋድሞ፣ በዚያ ተራ ማና ሳይሰጥ) የሚገባ ላንድ ግን ከ5 አይለፍ። በ1ኛው ተራ የወረደ ኤልፍና በ2ኛው ተራ የወረደ ኤልፍ ለዚህ ዴክ አንድ አይደሉም።

ቀሪው 63 ካርድ፦ ማና 12 (ከላይ ያሉት 7፣ ፕሪስት ኦፍ ታይታኒያ፣ ሶል ሪንግ፣ አርኬን ሲግኔት፣ ኔቸርስ ሎር፣ ራምፓንት ግሮውዝ)፣ ካርድ መሳቢያ 10፣ ማስወገጃ 9፣ ጠራጊ 2፣ መከላከያ 5፣ የተረፈው 25 የዴኩ ሥጋ የሆኑት ኤልፎች ናቸው። ኤልፍ 25 ብቻ ሆነ ብለህ አትደንግጥ። ከማናው 8ቱ ኤልፍ ናቸው፣ ቢስት ዊስፐረርና ኤልቪሽ ቪዥነሪ ካርድ እየሳቡ ኤልፍ ናቸው፣ ሬክላሜሽን ሴጅ አርቲፋክት (ዕቃ) ወይም ኢንቻንትመንት (የሚቆይ አስማት) እያጠፋ ኤልፍ ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ካርድ ሲገኝ አንድ ሥራ ብቻ ያለውን ያስወጣል። እንዲህ ስትሞላው ኤልፉ 36 ገደማ ይደርሳል።

---

ታፕ_አንታፕ

ላትሪል ላይ ሰው የሚስታቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ጨዋታ የሚያሸንፉትም እነሱ ናቸው።

ላትሪል አጥቅታ ተጫዋች ስትጎዳ የኤልፍ ቶከን (ካርድ ያልሆነ ምትክ ክሪቸር) ታመጣለች። ሁለተኛው ችሎታዋ ራሷን ታፕ ያደርጋል፣ በተጨማሪም ታፕ ያልሆኑ 10 ኤልፎች ታፕ ይደረጋሉ፤ እያንዳንዱ ተቃዋሚም 10 ነፍስ ያጣል። እሷም ኤልፍ ብትሆንም ራሷን አንዴ ታፕ ስላደረገች ከአሥሩ ውስጥ አትቆጠርም። የሚያስፈልግህ 11 ነው። በ10 ኤልፍ «ጨረስኳችሁ» ብሎ ተነስቶ የሚቀመጥ ብዙ ነው።

አሥሩ ኤልፎች ግን በዚያው ተራ የወረዱ ቢሆኑም ይቆጠራሉ። አዲስ ክሪቸር የማይችለው ማጥቃትና በራሱ ላይ የታፕ ምልክት ያለበትን ችሎታ መጠቀም ነው። እዚህ ግን የታፕ ምልክቱ ያለው ላትሪል ላይ ነው። ስለዚህ ተራህ ሲመለስ ላትሪል ጠረጴዛ ላይ ካለች፣ አጥቅተህ ያመጣሃቸውን ቶከኖችና አሁን ያወረድካቸውን ሁሉ አንድ ላይ መቁጠር ትችላለህ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ለማጥቃት ከላክሃት እሷ ታፕ ሆናለችና በዚያው ተራ ችሎታውን አትጠቀምም። ወይ ማጥቃት ወይ ነፍስ ማፍሰስ፤ ሁለቱን የምታገኘው የሚያነቃት (ታፕነቷን የሚያነሳ) ካርድ ካለህ ነው።

መሪዋን አዲስ ባወረድክበት ተራ ለመጠቀም ሄስት (በወረደበት ተራ መንቀሳቀስ) ያስፈልጋል። ስዊፍትፉት ቡትስ ሄስትና ሄክስፕሩፍ ይሰጣል፤ ተቃዋሚ አይነካትም፣ አንተ ግን ትነካታለህ። ላይትኒንግ ግሪቭስ ለማልበስ ምንም ማና አይጠይቅም፣ ነገር ግን የሚሰጠው ሽራውድ ነው፤ አንተም ራስህ ዒላማ ልታደርጋት አትችልም። ግሪቭስን ያጠለቀች ላትሪል ላይ ሌላ ዕቃ ማልበስ ከፈለግክ መጀመሪያ ግሪቭሱን ወደ ሌላ ክሪቸር አዛውር።

ሲድቦርን ሚዩዝ ከዚህ ዴክ ጋር በጣም ትገጣጠማለች። በሌሎች ተጫዋቾች ተራ ሁሉ ያንተን ሁሉ ታነቃለች፣ የላትሪል ችሎታ ደግሞ በማንም ተራ ይሠራል። አራት ሰው ባለበት ጠረጴዛ አንድ ሙሉ ዙር ማለት 4 ጊዜ 10 ነው፤ ከእያንዳንዱ ተቃዋሚ 40 ነፍስ። ከጓደኞችህ ጋር ሳትነጋገር ግን አታስገባት፤ ጌም ቼንጀር (ጨዋታን በእጅጉ የሚቀይሩ) ተብለው ከተመዘገቡት ካርዶች አንዷ ናት።

ስከልክላምፕ የሚባለው ዕቃ ካለህ ከሁሉም በፊት ይግባ። 1 ለ 1 (ጉልበት 1፣ ጽናት 1) የሆነ ኤልፍ ላይ በ1 ማና ስታለብሰው 2 ለ 0 ሆኖ ይሞታል፣ 2 ካርድ ትስባለህ። ለሌሎች ኤልፎች 1 ለ 1 የሚጨምረው አርችድሩይድ ጠረጴዛ ላይ ካለ ግን ያው ኤልፍ 3 ለ 1 ሆኖ ይቆያል እንጂ አይሞትም። ስለዚህ እጅህ ላይ ሁለቱም ካሉ መጀመሪያ ስከልክላምፑን ተጠቀም፣ ካርድህን ሳብ፣ ከዚያ አርችድሩይዱን አውርድ።

የቀለም ማንነትን ደግሞ በደንብ አጣራ፤ ዴኩ ውስጥ የሚገባው በመሪው ቀለሞች ያለ ካርድ ብቻ ነው። የሚቆጠረው ከላይ ያለው ዋጋ ብቻ ሳይሆን በካርዱ ጽሑፍ ውስጥ ያለው የማና ምልክትም ነው። አቫሲንስ ፒልግሪም የሚጠይቀው አንድ አረንጓዴ ብቻ ነው፣ የሚሰጠው ግን ነጭ ስለሆነ ላትሪል ዴክ ውስጥ አይገባም።

---

ሠላሳ_ስምንት

ከቆጥሮ_በዋዥ ጋር ከሞላ ጎደል እስማማለሁ፣ በላንዱ ግን አይደለም። ጠያቂው «ጠረጴዛው ከተጠረገ በኋላ መነሳት የለም» ብሏል። ጠራጊ ሲመጣ ማና ሰጪዎቹ 8 ኤልፎች አብረው ይሄዳሉ። በዚያ ላይ ላትሪል ከኮማንድ ዞን (የመሪ መቀመጫ) ስትመለስ በእያንዳንዱ ጊዜ 2 ማና ይጨመርባታል፦ መጀመሪያ 4፣ ቀጥሎ 6፣ ከዚያ 8። ኤልፎቹ በሞቱበት ሰዓት 6 ማና የሚመጣው በአብዛኛው ከላንድ ነው። ማና ሰጪ ኤልፍን እንደ ላንድ ቆጥሮ ላንድ መቀነስ ቀን ሲከፋ የሚያስከፍል ብድር ነው።

ስለዚህ 38። ነገር ግን ሁለቱን ተጨማሪ ንጹሕ ላንድ አታድርጋቸው፤ በአንድ ጎናቸው ስፔል (አስማት)፣ በሌላው ላንድ የሆኑትን አስገባ። ባላ ጌድ ሪከቨሪ በ3 ማና ከመቃብር (ያለቁ ካርዶች ክምር) አንድ ካርድ ወደ እጅ ይመልሳል፤ ላንድ ከጎደለህ ደግሞ ታፕ ሆኖ የሚገባ አረንጓዴ ላንድ ነው። ቦታቸውን ከ25ቱ ኤልፎች ውሰድ። 34 ይበቃል የሚል ሰው ይመጣል፤ ጠራጊ በማይበዛበት ጠረጴዛ ልክ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ግን ጠያቂው በግልጽ አለ ብሏል።

---

አረንጓዴ_ጥቁር

በጣም አመሰግናለሁ። የስከልክላምፑን ቅደም ተከተል ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር።

ቁጥሩን ተከትዬ ስደረድረው አሁንም 14 ካርድ ይተርፈኛል፤ ሁሉም ኤልፍ ናቸው፣ ሁሉም ጥሩ ይመስላሉ። በምን መለኪያ ልቁረጥ? ደግሞስ ከጓደኞቼ ጋር ከመቀመጤ በፊት ዴኩ እንደሚሠራ እንዴት አውቃለሁ?

---

ቆጥሮ_በዋዥ

ላንድ ያልሆኑትን ሁሉ በማና ዋጋቸው በረድፍ ዘርጋቸው። ለዚህ ዴክ የምመክረው ቅርጽ፦ በ1 ማና 11፣ በ2 ማና 17፣ በ3 ማና 17፣ በ4 ማና 10፣ በ5 ማና 5፣ ከዚያ በላይ 3። የሠላሳ_ስምንትን ሐሳብ ከወሰድክ ባለሁለት ጎኖቹን ላንድ ጋ ቁጠራቸው፣ ከ3ቱና ከ4ቱ ረድፍ አንድ አንድ አንሳ። 4 ማና ላይ ጨክን። በ1ኛው ተራ ኤልፍ ከወረደና ላንድ ካልጎደለ ላትሪል በ3ኛው ተራ ትወርዳለች። መሪህ ሁልጊዜ ዝግጁ ስለሆነች 4 ማና ያለው ካርድ ሁሉ ከእሷ ጋር ይሻማል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ኤልፍ አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ይህን ብቻ ብስብ ይጠቅመኛል? ሻማን ኦፍ ዘ ፓክ ሲገባ አንድ ተቃዋሚ በኤልፎችህ ቁጥር ልክ ነፍስ ያጣል፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ግን የሚያሳጣው 1 ብቻ ነው። መጥፎ ካርድ አይደለም፣ ግን የእሱ ዓይነት ከ4 ወይም 5 ካለፈ እጅህ ሲያሸንፍ የሚያምር፣ ሲሸነፍ የማይረባ ይሆናል። ለሌሎች ኤልፎች ጉልበት የሚጨምሩትም እንደዚያው፤ 5 ወይም 6 ይበቃሉ። ነፍስ መጨመር ብቻ ሥራቸው የሆኑት (ዌልዊሸር ለምሳሌ) መጀመሪያ ይውጡ፤ 40 ነፍስ ይዘህ ጀምረህ የሚጎድልህ ነፍስ ሳይሆን ካርድ ነው።

ካርድ መሳቢያዎቹን ሁለት ክፈላቸው። ክሪቸር ላይ የተንጠለጠሉት (ቢስት ዊስፐረር፣ ሊፍ ክራውንድ ቪዥነሪ) ጠረጴዛ ሲጠረግ አብረው ይሄዳሉ። ከ10ሩ ቢያንስ 5ቱ ጠራጊ የማይነካቸው ይሁኑ፦ ሃርሞናይዝ፣ ናይትስ ዊስፐር፣ ፊሬክሲያን አሬና፣ ስከልክላምፕ። መከላከያውም ያው ነው፤ ሄሮይክ ኢንተርቬንሽን በ2 ማና ሁሉንም ከጥፋት ያድናል። ግን 2 ማና ሳትነካ አስቀምጠህ ተራህን ካላለፍክ እጅህ ላይ መኖሩ ከንቱ ነው። ካርድህን ሁሉ አንዴ ማራገፍ የኤልፍ ተጫዋች ትልቁ አመል ነው። ጠረጴዛው ላይ 6 ወይም 7 ኤልፍ ካለህና ማንም እየጠረገ ካልሆነ፣ 2 ካርድ እጅህ ላይ አስቀር።

ፈተናው እንዲህ ነው። ብቻህን ተቀመጥ፣ በውዝ፣ 7 ካርድ ሳብ፣ ተቃዋሚ እንደሌለ ቆጥረህ 5 ተራ ተጫወት። ሁለት ቁጥር ጻፍ፦ ላትሪል በስንተኛው ተራ ወረደች፣ በ5ኛው ተራ መጨረሻ እጅህ ላይ ስንት ካርድ ቀረ። ከዚያ በ5ኛው ተራ መጨረሻ ጠራጊ የመጣ አስመስለህ ክሪቸሮችህን ሁሉ መቃብር አስገባና 3 ተራ ቀጥል። በነዚያ 3 ተራዎች ላትሪልን በ6 ማና መመለስና ቢያንስ 2 ሌላ ኤልፍ ማውረድ ካልቻልክ፣ ወይ ላንድ ወይ ካርድ መሳቢያ ጎድሎሃል። የትኛው እንደሆነ እጅህን በማየት ይታወቃል፤ እጅህ ሞልቶ ካልቻልክ ላንድ፣ ባዶ ከሆነ መሳቢያ። እየደጋገምክ ስትፈትን በየጊዜው «ምነው ሌላ ካርድ በሆነ» ያልክባቸውን ወደ ጎን አውጣቸው። 14ቱ እንዲህ ራሳቸው ይለያሉ።

ብዙ ሰው ባለበት ጨዋታ የመጀመሪያው ሙሊጋን (እጅን መልሶ በውዞ አዲስ መሳብ) ነጻ ነው፣ ተጠቀምበት። ከሁለተኛው ጀምሮ 7 ትስብና በነጻው ላይ ለጨመርከው ለእያንዳንዱ ሙሊጋን 1 ካርድ ከዴኩ ሥር ትመልሳለህ። ሁለት ላንድና አንድ የ1 ማና ኤልፍ ያለው እጅ፣ አንዱ ላንድ አረንጓዴ ከሰጠ ይያዛል። አንድ ላንድና ሦስት ኤልፍ ያለው ግን እጅግ ያታልላል፤ የመጀመሪያዋን ኤልፍ ከገደሉብህ ጨዋታህ አለቀ።

---

የአራት_ሰው_ጠረጴዛ

ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም፣ እኔ ልሞክር።

ኮማንደር ላይ የጉልበት ልዩነት የሚፈታው በዴክ ሳይሆን ከጨዋታ በፊት በሚደረግ ወሬ ነው። ከ2025 ጀምሮ የወጣው የ5 ደረጃ አከፋፈል ለወሬው መነሻ ይሆናል። ደረጃ 1 እና 2 ላይ ጌም ቼንጀር የለም፣ ደረጃ 3 ላይ እስከ 3 ይፈቀዳል፣ ከዚያ በላይ ገደብ የለም። ዲሞኒክ ቱተር፣ ሪስቲክ ስተዲ፣ ጋያስ ክሬድል በዝርዝሩ አሉ። ዝርዝሩ ስለሚቀያየር አዲሱን አይታችሁ ተነጋገሩ። ያልተነካ ዝግጁ ዴክ በልማድ ደረጃ 2 ይባላል፤ የላትሪል ዴክህም ሲድቦርን ሚዩዝ ሳትገባ 2 ወይም ደካማ 3 ነው።

ደረጃው ግን ሙሉውን አይናገርም። ጌም ቼንጀር ሳይኖረው በ5ኛው ተራ የሚጨርስ ዴክ መሥራት ይቻላል። ስለዚህ ያንን ከባድ ዴክ ያለውን ጓደኛችሁን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ማንም ካልከለከለህ በስንተኛው ተራ ትጨርሳለህ? በሁለት ካርድ ብቻ ማለቂያ የሌለው ኮምቦ (የካርድ ጥምረት) አለህ? የሌላውን ላንድ ሁሉ የሚያጠፋ ካርድ አለህ? የመጀመሪያው መልስ ከሌሎቻችሁ በ3 ተራ ከቀደመ፣ እሱ ሌላ ዴክ ያምጣ ወይም ሦስታችሁ አብራችሁ እሱን ተጋፈጡት። ሁለተኛው አማራጭ ነውር የለበትም፤ ብዙ ሰው ያለበት ጨዋታ ፖለቲካው ይኸው ነው። ዴኩ ከቆየ ዝርዝር የተገለበጠ ከሆነም አጣሩ። ማና ክሪፕት፣ ጁውልድ ሎተስና ዶክሳይድ ኤክስቶርሽኒስት ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የታገዱ ናቸው፤ እነዚህ ሲወጡ ብቻ ብዙ ዴክ ይዘገያል።

ወሬው ካልሠራ ፎርማት ለውጡ።

ለአንተ ቅርቡ ፖፐር ነው። ከ2019 ጀምሮ ይፋዊ ፎርማት ነው፤ ቢያንስ 60 ካርድ፣ 4 ቅጂ፣ 15 ሳይድቦርድ (ተጠባባቂ ካርድ)፣ ነገር ግን ሁሉም ካርድ በሆነ ኅትመት ኮመን (በብዛት የሚታተም) ሆኖ የወጣ መሆን አለበት። ያንተ አሮጌ ዴክ ግማሹ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፦ ላኖዋር ኤልቭስና ፕሪስት ኦፍ ታይታኒያ ይቆያሉ፣ አርችድሩይድ ሬር (ብርቅ) ስለሆነ ይወጣል፣ በምትኩ ቲምበርዋች ኤልፍና ሊስ አላና ሃንትማስተር ይገባሉ። ኮመን ካርድ ለማግኘት ቀላል ስለሆነ በአራታችሁ መካከል ያለው የክምችት ልዩነት ይጠባል። የሚቀረው ልዩነት የእጅ ነው። ለሁለት ሰው የተሠራ ፎርማት ቢሆንም ሁለት ለሁለት ሆናችሁ፣ ለቡድኑ 30 የጋራ ነፍስ ይዛችሁ መጫወት ትችላላችሁ። ጠንካራውን ተጫዋች ከጀማሪው ጋር አጣምሩት፣ ሚዛኑ ራሱ ይስተካከላል።

መሪ ያለበት ጨዋታ ካልለቀቃችሁ ፖፐር ኮማንደር አለ። መሪው አንኮመን (በኮመንና በሬር መካከል ያለ) ሆኖ የወጣ ማንኛውም ክሪቸር ነው፣ ሌጀንደሪ መሆን አይጠበቅበትም። 99ኙ ኮመን፣ ነፍስ 30፣ በአንድ መሪ ጉዳት የሚሸነፉት ደግሞ በ21 ሳይሆን በ16 ነው። ኢምፒሪየስ ፐርፌክትን መሪ አድርገህ ነጠላ አረንጓዴ ዴክ ትሠራለህ፤ የቀለም ጭንቀትህም አብሮ ይሄዳል። ከዴክህ ስለምታውቃት ነው ያነሳኋት፤ በየተራው ኤልፍ የምትወልድ መሪ ዝግ ያለ ጠረጴዛ ላይ ትከብዳለች።

ሦስተኛው የእኔ ምርጫ ነው፣ ኪዩብ፦ ከአንድ የጋራ የካርድ ሳጥን እየመረጡ ዴክ መሥራት። አራት ሰው ድራፍት ሲያደርግ (ጥቅል እየተቀባበለ ካርድ ሲመርጥ) በሰው 3 ጥቅል፣ በጥቅል 15 ካርድ፣ በድምሩ 180 ካርድ ያስፈልጋል። ሁላችሁም ካላችሁ ካርድ አዋጡ፦ ለእያንዳንዱ ቀለም 30፣ ለአሥሩ የቀለም ጥንዶች አንድ አንድ፣ የቀረው 20 አርቲፋክትና ላንድ። መደበኛ ላንድ ለብቻው፣ ከየዓይነቱ 20። እያንዳንዱ ሰው የ40 ካርድ ዴክ ይሠራል፣ 17 ላንድና 23 ሌላ። ሁሉም ከአንድ ሳጥን ስለሚመርጥ «የማን ክምችት ይበልጣል» የሚባል ነገር የለም። የሚበላሸው ሰው የሚወደውን ከባድ ካርድ ሁሉ ሲጨምርበት ነው። በየቀለሙ ካሉት 30 ካርዶች ቢያንስ 16ቱ ክሪቸር ይሁኑ፣ 6 ማናና ከዚያ በላይ የሚጠይቁት ከ3 አይብለጡ፤ አለዚያ ሁሉም ሰው እስከ 5ኛው ተራ ቁጭ ብሎ ይተያያል። እንደ ኤልፍ ያለ ጎሣ ላይ የተመሠረተ ካርድ ደግሞ ኪዩብ ውስጥ አይሠራም። በ30 አረንጓዴ ካርድ ውስጥ በቂ ኤልፍ አይኖርም፣ ካለውም ከፊሉን ሌሎች ይወስዱብሃል።

---

ሠላሳ_ስምንት

ኪዩቡን እደግፋለሁ፣ ግን ላትሪልን አታፍርሳት። በ2021 ከካልድሃይም ጋር የወጣው ዝግጁ የኤልፍ ዴክ መሪ እሷ ነበረች፤ ያልተነካ ዝግጁ ዴክ ካለው ጓደኛህ ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ትሆናለህ። ያለበት ችግር ያ አንድ ከባድ ዴክ ነው እንጂ ፎርማቱ አይደለም።

---

ታፕ_አንታፕ

ስለ መበወዝ አንድ ነገር ልጨምር፤ «ላንድ አጣሁ» የሚለው ቅሬታ ግማሹ ከዚያ ይመጣል። ጨዋታ ሲያልቅ ላንዶችህ ጠረጴዛው ላይ አንድ ላይ ተደርድረው ነበር፤ እንዳሉ ሰብስበህ ዴኩ ላይ ከጫንካቸው አንድ ላይ ተጣብቀው ይመጣሉ። ካርዱን በስድስትና በሰባት ክምር እየደለደሉ ማስቀመጥ ቁጥሩ 100 መሙላቱን ለማወቅ ይጠቅማል እንጂ መበወዝ አይደለም። ባለ ስሊቭ (የፕላስቲክ ሽፋን) 100 ካርድ በአንድ እጅ አይያዝም፤ ሁለት ላይ ክፈለው፣ ግማሹን ከግማሹ ጋር ከጎን አስገባ፣ እንደገና ቁረጥ፣ ይህን ቢያንስ 7 ጊዜ ድገም። ስሊቩ ሁሉም አንድ ዓይነትና ጀርባው የማያሳልፍ ይሁን። ከ60ው ዴክ የመጣውን አሮጌ ስሊቭ ከአዲስ ጋር አትቀላቅል፤ ጠርዙ የተላጠው ካርድ ሳይገለጥ ይታወቃል፣ ያንተ ዴክ ላይ ደግሞ የሚታወቁት ጥሩዎቹ ኤልፎች ይሆናሉ።

ቶከን ደግሞ 11 ይዘህ ሂድ። ዳይስ ብቻ ከተጠቀምክ የትኛው ቶከን ታፕ እንደሆነ፣ የትኛው በዚህ ተራ እንደገባ ማስረዳት አትችልም፤ ላትሪል ላይ ክርክር የሚነሳው በዚያ ነው።